ደብረ ብርሃን ላይ አልነሳ ያለችው ሞዴል አውሮፕላን

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። በሪሞት የምትበር ሞዴል አውሮፕላን ከፎም ቦርድ ሠርቻለሁ። ፕላኑን ከኢንተርኔት አውርጄ ሳላዛንፍ ነው የቆረጥኩት። ክንፏ 120 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 20 ነው። ሞተሯ 2212፣ 1000 ኬቪ፤ ፕሮፔለሯ 10 በ4.5 ኢንች፤ ባትሪዋ ባለ 3 ሴል 5200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። ሚዛን ላይ ሳወጣት 1,300 ግራም ሆነች። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ኳስ ሜዳ ወሰድናትና ጓደኛዬ ወረወራት። ትንሽ ሄዳ አፍንጫዋን ቀና አደረገች፤ ከዚያ በግራ ክንፏ ተጠምዝዛ ወደቀች። ደግመን ስንሞክርም ያው ነው። ፕላኑ ግን እስከ 1,300 ግራም ትበራለች ይላል። ሞተሩን በትልቅ ልቀይረው? የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሊመጣ ስለሆነ ሞተርና ባትሪ ልዘዘው ወይ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአክስትህን ልጅ ገና አታስቸግረው። ሞተርህ በቂ ነው። እንዲያውም ትልቅ ሞተር ብትገጥምላት የባሰ ነገር ነው የሚገጥምህ፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ፕላኑም አልዋሸህም። የሣለው ሰው ምናልባት የሚኖረው ባሕር አጠገብ ነው። እሱ አገር 1,300 ግራም ሆና ትነሳለች። አንተ ያለኸው ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ስስ ነው።

ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሳው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚገፋው ነገር ያንሳል። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ሞቅ ስትል 0.85 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። 30 በመቶው ጎድሏል ማለት ነው። እናትህ ባቄላ ስትቀቅል አልበስል እያለ እሳት የሚፈጀውም በዚሁ ጣጣ ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው።

እስቲ በአንተው ቁጥር እንሥራው። ክንፍህ 120 በ20 ከሆነ ስፋቱ 24 ካሬ ዴሲ ሜትር (አንዱ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር) ነው። 1,300ን ለ24 ስታካፍል እያንዳንዱ ካሬ ዴሲ ሜትር 54 ግራም ተሸክሟል። እንዲህ የተጫነች አውሮፕላን ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልሄደች ክንፏ አይሸከማትም። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ያችው አውሮፕላን 38 ገደማ ትፈልጋለች። ስድስት ኪሎ ሜትር ምን አላት አትበል። ጓደኛህ እየሮጠ ሲወረውራት ከእጁ የምትወጣው ቢበዛ በ30 አካባቢ ነው። ከ30 ወደ 32 ሞተሩ በቅጽበት ያደርሳታል። ከ30 ወደ 38 ግን ብዙ ሜትር መሮጥ አለባት፤ እስከዚያ ደግሞ መሬት ትደርሳለች። በዚያ ላይ ፕሮፔለሩም የሚቀዝፈው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ የሚሰጣት ግፊት በሩብ ገደማ ቀንሷል። ሁለት ዕዳ በአንዴ ነው የወደቀባት።

አሁን ሒሳቡን ገልብጠው። ባሕር ጠለል ላይ በ1,300 ግራም እንደምትበረው ደብረ ብርሃን ላይ እንድትበርልህ ከፈለግክ ክብደቷ 900 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ዋናው መልሴ ይኸው ነው። 400 ግራም ቀንስ፤ ካልሆነም ክንፉን አስፋ።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ ነው ማኮብኮቢያው እስከ 3,800 ሜትር የሚረዝመው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጨምር አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ ጭነት ቀንሶ መነሳትም አለ። ደግሞ ደጋ ነው ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ የበረረችው በ1928 ዓ.ም. ነው። ደጋ ላይ መብረር ይቻላል፤ ሒሳቡን የደጋ ማድረግ ብቻ ነው።

ለምን ሁልጊዜ በግራ? ይሄ የነገርከኝ ነገር ጥሩ ምልክት ይዟል። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር አውሮፕላኗን በአጸፋው ወደ ግራ ሊያንከባልላት ይሞክራል። ፍጥነት ካላት አይለሮኖቹ (ከክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች) ይህንን በቀላሉ ያሸንፉታል። ፍጥነት ከሌላት አያሸንፉትም። ጓደኛህ ይወረውራታል፣ አንተ ጋዙን (የሞተሩን ኃይል) ሙሉ ትሰጣለህ፣ መሬት ስትቀርብ ደንገጥ ብለህ የሪሞቱን ዘንግ ወደ ራስህ ትስባለህ። አፍንጫዋ ይነሳል፣ የነበራትም ትንሽ ፍጥነት ያልቃል፣ ክንፏ አየሩን ይለቃል። ይህን ስቶል ይሉታል። በዚያች ሰዓት ሞተሩ ወደ ግራ ይጠመዝዛታል። ትልቅ ሞተር አትግጠም ያልኩህም ለዚሁ ነው። ጠመዝማዛው ይብሳል፣ ራሱም ይከብዳል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚበላም ሌላ ትልቅ ባትሪ አምጣ ይልሃል። ማለቂያ የለውም።

እንግዲህ 400 ግራሙን እንፈልግ።

ግማሹ ባትሪው ውስጥ ነው። ባለ 3 ሴል 5200 ባትሪ ብቻውን 400 ግራም ይጠጋል። 2200ው ግን 180 ግራም ገደማ ነው። ረጅም ሰዓት እንድትበር ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ያልተነሳች አውሮፕላን ላይ የበረራ ሰዓት አይቆጠርም። በ2200 ባትሪ ከሰባት እስከ ስምንት ደቂቃ ትበራለች፤ ለጀማሪ ይሄ ብዙ ነው። እጅህ በአራተኛው ደቂቃ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ሌላው ኮላው ነው። በሙቅ ኮላ ሽጉጥ ነው የሠራኸው ብዬ እገምታለሁ፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጀምረው። ወፍራሙ የኮላ ዱላ አንዱ 20 ግራም ገደማ ነው። ስንት ዱላ እንደጨረስክ አስታውስ። በዚያ ላይ ሙቅ ኮላ ለደብረ ብርሃን ብርድ አይሆንም፤ ንጋት ላይ ይደርቅና በትንሽ ምት ተላቆ ይወጣል። ለረጃጅም መገጣጠሚያዎች የአናጢ ነጭ ኮላ ተጠቀም። በስሱ ቀባው፣ መጽሐፍ ወይም ጡብ ጫንበትና አሳድረው። ሙቅ ኮላውን ሞተሩ የሚታሰርበት ቦታና ሰርቮዎቹ (አይለሮኖቹንና ጭራዋን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ላይ ብቻ አድርገው።

ማስቲሽ እንዳትነካ። ጫማ ቤት የሚገኘው ያ ቢጫ ማጣበቂያ ለቆዳና ለጎማ ነው። ከቁራጭ ፎም ላይ አንድ ጠብታ ጣልና እየው። መጀመሪያ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ጉድጓድ ነው። ፎሙን የሚበላው ውስጡ ያለው ማቅለያ ነው። ሱፐር ግሉና በቆርቆሮ የሚረጭ ቀለምም ነጩን ፎም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ምንም አዲስ ነገር ክንፉ ላይ ከመቀባትህ በፊት ቁራጭ ላይ ሞክር።

ቀለም ቀብተሃት ከሆነም ቀለም ክብደት ነው። ከታችና ከላይ ለይተህ እንድታያት አንድ ክንፍ ላይ ቀይ ፕላስተር አድርግ፣ ሆዷ ላይ ጥቁር፤ በቃ። ጎማ ካላት አውልቀው። ሣር ላይ በሆዷ ታርፋለች፤ የግጦሽ ሜዳ ላይ ጎማ ምንም አይረዳም፣ ተሰናክሎ ከመገልበጥ በቀር።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም 1,000 ወይም 1,100 ግራም ካለች አትጨነቅ። አካሏን አትንካው፤ አዲስ ክንፍ ሥራላት። 140 በ22 አድርገው። ስፋቱ ከ30 ካሬ ዴሲ ሜትር በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ በ1,100 ግራምም ትችላለች፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ዴሲ ሜትር 36 ግራም አካባቢ ነው የሚደርሰው። እኔን ብትጠይቀኝ ክንፉን ነው የምመርጠው። ክብደት መቀነስ ጥሩ ነው፣ ግን ገደብ አለው። ሰፊ ክንፍ ዝግ ብሎ ይበራል፣ ዝግ ብሎ ያርፋል፤ የሚማር ሰው የሚፈልገውም ይህን ነው።

አዲሱን ክንፍ ስትሠራ መሃሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር አስገባ። ከነአንጓው አታስገባው፤ አንጓውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው። ሁለቱን ጫፎች ከመሃሉ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀና አድርጋቸው፤ ነፋስ ሲያዘነብላት ራሷ እንድትስተካከል ያግዛታል። ኮላው ከደረቀ በኋላ ክንፉን ከኋላ ጠርዙ በኩል አንድ ዓይንህን ጨፍነህ አስተውለው። የግራውና የቀኙ የኋላ ጠርዝ እኩል መታየት አለበት። አንዱ ወደ ታች ዞሮ ሌላው ወደ ላይ ከዞረ ክንፉ ጠመም ብሏል ማለት ነው። የተጣመመ ክንፍ በምንም ሪሞት አይታረምም። በእንፋሎት ሞቅ አድርገህ በተቃራኒው ጠምዝዘህ ያዘው፤ እምቢ ካለ ጣለውና ሌላ ሥራ። ፎም ርካሽ ነው።

ቀጥሎ ሚዛኗ ነው። ከክብደቷ ቀጥሎ አውሮፕላን የሚገድለው ይሄ ነው። ባትሪው፣ ፕሮፔለሩ፣ ሁሉም ነገር ባለበት ሁለት አመልካች ጣቶችህን ከክንፉ በታች፣ ከአካሏ ግራና ቀኝ አድርገህ አንሳት። የጣቶችህ ቦታ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የክንፉ ወርድ ሩብ ላይ ይሁን። ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 ላይ፤ 22 ከሆነ አምስት ተኩል ላይ። አፍንጫዋ ትንሽ ብቻ ዘንበል ካለ ደግ ነው። ጭራዋ ከወረደ ግን እንዳትወረውራት። ጭራዋ የከበደ አውሮፕላን አፍንጫዋን ቀና ታደርግና አትመለስም። ያንተዋም «አፍንጫዋን ቀና አደረገች» ያልከው ግማሹ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ሚዛኗን ለማምጣት ብረት አትጨምር። ባትሪውን ወደ ፊት ግፋው። ለዚህ ሲባል የባትሪውን ቦታ መጀመሪያውኑ ረዘም አድርገህ ሥራው፤ ቬልክሮ ለጥፈህበት ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት። ቦታውን ካገኘህ በኋላ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት፤ አለዚያ ባትሪ በቀየርክ ቁጥር ሌላ አውሮፕላን ይሆንብሃል።

የግራና የቀኝ ክንፏንም መዝን። ከአፍንጫዋና ከጭራዋ በክር አንጠልጥላት። አንዱ ክንፍ ካዘነበለ በቀለለው ክንፍ ጫፍ ላይ ትንሽ ፕላስተር ጨምር።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ትንሽ ወደ ቀኝና ትንሽ ወደ ታች እንዲያይ አድርገው፤ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ። ከጀርባው በግራ በኩል ካሉት ብሎኖች ሥር አንድ ስስ ሮንዴላ አግባ፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያያል። ከላይኛዎቹ ሥር ስታገባ ደግሞ ወደ ታች ያያል። ግራና ቀኝ የምልህ ከኋላዋ ቆመህ ስታያት ነው። ወደ ግራ መጠምዘዟ በዚህ ብዙ ይረግብልሃል።

ሁለተኛ፣ ፕሮፔለሩን ወደ 11 ኢንች አሳድገው፤ 11 በ4.7 ይሁን። አየሩ በሳሳ መጠን ሰፋ አድርጎ የሚቀዝፍ ነገር ያስፈልጋል፤ አንድ ኢንች ብትጨምር ያጣኸውን ግፊት ከሞላ ጎደል ይመልስልሃል። ሞተሩ ትንሽ ይጫነዋል እንጂ ደብረ ብርሃን ላይ ይችለዋል። ሆኖም ዝም ብለህ አትመነኝ፤ ዋትሜትር (ሞተሩ የሚበላውን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) ካገኘህ ለካው። ካላገኘህ አውሮፕላኗን ሰው አጥብቆ ይያዝልህና ለ20 ሰከንድ ሙሉ ጋዝ ስጥ፤ ባትሪውን ንቀልና ሞተሩንና ኢኤስሲውን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ንካ። ጣትህን ማቆየት ካቃተህ በዝቶበታል። ስስ አየር ሲያቀዘቅዝም ደካማ ነው፤ ከአካሏ ፊት ለፊት አየር ማስገቢያ፣ ከኋላ ደግሞ ከመግቢያው ሰፋ ያለ መውጫ ቀዳዳ ይኑራት።

እግረ መንገድህን ፕሮፔለሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ተመልከት። ቁጥሩ የተጻፈበት ገጽ ወደ ፊት፣ ወደ በረራው አቅጣጫ ነው መዞር ያለበት። ተገልብጦ ቢገጠምም ይነፍሳል፤ ሰውም በዚህ ይታለላል። ግፊቱ ግን ያንሳል። ያንተ ተገልብጦ ተገጥሞ ከሆነ ግማሹ ምሥጢር እዚያ ነው።

ሪሞቱን የምታስተካክለው ፕሮፔለሩን አውልቀህ ነው። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተነሳ ሞተር ጣት ይቆርጣል፤ ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም። ሁልጊዜ ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ ከዚያ የአውሮፕላኗ ባትሪ ይሰካል። ስታጠፋ ደግሞ ባትሪው ቀድሞ ይነቀላል። አሁን ከኋላዋ ቁምና የሪሞቱን ዘንግ ወደ ቀኝ ግፋ፤ የቀኙ አይለሮን መነሳት፣ የግራው መውረድ አለበት። ወደ ራስህ ሳብ፤ ኤሌቬተሩ (የጭራዋ አግዳሚ ተንቀሳቃሽ ክፍል) መነሳት አለበት። አንዱ በተቃራኒው ከሄደ ሪሞቱ ላይ ገልብጠው። ይህን ሳያዩ ሜዳ የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አውሮፕላናቸውን በከረጢት ነው የሚመልሷት። የአይለሮኑና የኤሌቬተሩ እንቅስቃሴ ወደ ላይ 10፣ ወደ ታች 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሪሞትህ ኤክስፖ ካለው 30 በመቶ አድርግለት፤ መሃሉ ላይ ለስለስ ይልልሃል።

ከዚያ ፕሮፔለሩ እንደወለቀ ሞተሩን ቀስ አድርገህ አስነሳና ለሙከራ ሪሞቱን አጥፋ። ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ፌይልሴፉን (የሪሞቱ ምልክት ሲጠፋ ሞተሩን የሚያቆመውን ቅንብር) እስክታስተካክል ድረስ በፍጹም እንዳትወጣ። የሪሲቨሩን (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ዕቃ) ሁለት አንቴናዎች ደግሞ እርስ በርስ በማእዘን፣ አንዱን ጋደም አንዱን ቆም አድርገህ፣ ከባትሪውና ከኢኤስሲው ራቅ አድርገህ ለጥፋቸው።

የምትበርበት ሰዓት ላይ እንጣላለን። ከቀኑ 9 ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ የሞዴል አውሮፕላን ሰዓት አይደለም። አንተም ታውቀዋለህ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ኮፍያ ያስጥላል። መሬቱ ስለሚሞቅ አየሩም ይንጠራራል፤ ወደ ላይ የሚያነሳት ጎን ለጎን የሚጥላት ነገር ይኖራል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሂድ። አየሩ ረግቷል፤ ቀዝቃዛ ስለሆነም ጠጠር ይላል። በዜሮ ዲግሪ ያለው የጠዋት አየር ከ20 ዲግሪው የከሰዓት አየር በ7 በመቶ ገደማ ይከብዳል። በነጻ የምታገኘው ክንፍ ነው።

የጠዋቱ ችግር ባትሪው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ታገኘዋለህ። ያንተው ዓይነት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ብርድ አይወድም፤ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞተሩም ገና ስትነሳ ይደክማል። እስክትሰካው ድረስ ከጃኬትህ ውስጥ፣ ከሰውነትህ አስጠግተህ ያዘው። ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ነው። 3.5 ሳይደርስ አርፍ። ባትሪው ከቤት ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ 3.8 ላይ አስቀምጠው፤ ሞልተህ አታስቀምጠው። 2200ውን በ2.2 አምፒር ቻርጅ አድርግ፤ ሲሞላም አጠገቡ ሁን፤ አልጋ ላይ አይሞላም። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አለቀ።

ሜዳው ኳስ ሜዳ አይሁን። ጎል አለ፣ አጥር አለ፣ ልጆች አሉ። ከከተማ ወጣ ያለ የግጦሽ ሜዳ ወይም ገብሱ የታጨደበት ማሳ ፈልግ፤ ባለቤቱን አስፈቅድ። በግ የሚጠብቁ ልጆች መጥተው ይከቡሃል፤ አይቀርም። ከመወርወራችሁ በፊት ሁሉንም ከኋላህ አስቀምጣቸው። በስስ አየር ሁሉም ነገር ፈጣን ስለሚሆን ስታርፍም ረዘም ያለ ቦታ ትፈልጋለች። አንድ ቀን ጣርማ በር ለሥዕል ያምራል ብላችሁ ገደሉ አፍ ላይ እንዳትወስዷት። ከቆላው የሚመጣ ነፋስ ገደሉን ታክኮ ይወጣና ከአፋፉ ኋላ ይገለበጣል። እዚያ መብረር ሌላ ሙያ ነው።

የፈቃዱን ነገር ደግሞ እንዳትዘልለው። አገራችን ውስጥ ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም። «የኔዋ ካሜራ የላትም፣ ፎም ናት» የሚለው ክርክር ሜዳ ላይ ፖሊስ ሲመጣ አያዋጣም። በተለይ በአሁኑ ጊዜ በሰማይ የሚያጓራ ነገር ሰውን ያስደነግጣል። የሚመለከተውን ክፍል ቀድመህ ጠይቅ፤ ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ያለ ክበብ ውስጥ ገብተህ በደብዳቤ ብትሠራ ይቀልልሃል። ለቀበሌውም አሳውቅ። ካልተፈቀደ አትብረር፤ እስኪፈቀድ ክንፉን እየሠራህ ቆይ።

ሁሉም ከተሟላ መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሳ ረዘም ያለ ሣር ላይ ወደ ነፋሱ ወርውራት። አፍንጫዋን ትንሽ ወደ ታች አድርገህ፣ ልክ እንደ ጦር ቀጥ አድርገህ። ወደ ላይ አትወርውር። ቀጥ ብላ ተንሸራትታ ከወረደች ጨርሰሃል። በአፍንጫዋ ከተተከለች ባትሪውን አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ መልሰው። እየተነሳች እየወደቀች ከሄደች ወደ ፊት ግፋው።

ከዚያ ባለሞተሩ። ጓደኛህ ሙሉ ጋዝ ላይ እያለች እየሮጠ ይልቀቃት። አንተ ደግሞ ያን ሪሞት አትሳብ። ከወጣች በኋላ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ዝቅ ብላ ብትሄድም ታገሥ፣ ፍጥነት እየገዛች ነው። ከዚያ ለስለስ አድርገህ አንሳት። 40 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ጋዙን ቀንስና ቀጥ ብላ እንድትሄድ ትሪሙን (የሪሞቱን ጥቃቅን ማስተካከያ ቁልፎች) አስተካክል። እዚያው ከፍታ ላይ እያለህ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ቀንሰህ ቀስ እያልክ ሳብ፤ የት ላይ እንደምትለቅ እወቀው። ለማረፍ ስትመጣ ከዚያ ፍጥነት በታች አትወርድም።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ነፋስ ከኋላዋ ሲሆን በጣም የፈጠነች ይመስልሃል፤ የምታየው ከመሬቱ አንጻር ነው። ክንፏ የሚያውቀው አየሩን ብቻ ነው። «ፈጠነች» ብለህ ብትስባት ትወድቃለች። ወደ አንተ ፊቷን አዙራ ስትመጣ ደግሞ ግራና ቀኝ ይምታታብሃል። ያን ጊዜ የወረደው ክንፍ ወዳለበት ጎን ሪሞቱን ግፋ፤ ትቃናለች። ፀሐይዋን በጀርባህ አድርገህ ቁም፤ የጠዋት ፀሐይ ውስጥ የገባች አውሮፕላን አትገኝም። ሪሞቱ ላይ ደወል ሙላ፤ አምስት ደቂቃ ላይ አርፍ።

የአክስትህን ልጅ በተመለከተ፦ ሞተር አያስፈልግም። ሁለት ባለ 3 ሴል 2200 ባትሪ ያምጣልህ። ሊፖ በሻንጣ ጭነት አይገባም፤ በእጅ ይዞት ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው። አንዱ 24 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ ካለው የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በጣም ያንሳል። የሽቦውን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኖ ለየብቻ በላስቲክ ይያዘው፤ የራሱን አየር መንገድ ግን ቀድሞ ይጠይቅ። ባትሪ ሲዳከም የሚጮህ ትንሽ ደወልና ርካሽ ዋትሜትር ቢጨምርልህ ከሞተሩ ይልቅ ይጠቅሙሃል።

ፕሮፔለሩን በርከት አድርጎ ያምጣ፤ ግማሹን 11፣ ግማሹን 10 ኢንች። 10ሩን አትጣለው። ለዕረፍት ሸዋ ሮቢት ወርደህ እዚያ ልታበራት ብትል መሬቱ 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ይወፍራል፤ 11ዱ ሞተሩን ከልኩ በላይ ይጫነዋል፣ ኢኤስሲውም በዚያ ሙቀት ሊቃጠል ይችላል። እዚያ 10ሩን ግጠም።